የአሸዋ በር ቢላዎች ወዴት ሄዱ

አሸዋ በር ከተማ ውስጥ «ግድግዳም ጆሮ አለው» ብሎ የሚተርት የለም፤ የምር አለዋ። ጆሮ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር፤ አፍም አለው። ሳጅን ፈትያ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች በሩ ጋ ልትደርስ ስትል ግድግዳው «ዙበይዳ፣ ልጅሽ ቁርስ ሳትበላ እየወጣች ነው» ብሎ አሳበቀባት።

«አሳባቂ» አለችው ፈትያ።

«ስለማስብልሽ ነው» አላት ግድግዳው።

እናቷ ዙበይዳ ከጓዳ ብቅ አለች፤ በአንድ እጇ ሰሃን፣ በሌላው የተጠቀለለ ፈጢራ፣ ማሩ እየተንጠባጠበ።

«በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ።»

«እማ፣ ረፍዶብኛል።»

«እኔ ልሙትልሽ፣ አፍሽን ክፈቺ። አንገትሽ እኮ የሰጎን አንገት መሰለ፤ ጎረቤት ምን ይለኛል? እኔ ድፍት ልበልልሽ፣ ይቺን ብቻ።»

ፈትያ አፏን ከፈተች። ከወንበዴ ጋር መታገል ከዙበይዳ ጋር ከመከራከር ይቀላል፤ ሁለቱንም ሞክራዋለች።

ግድግዳ ውስጥ ያለውን ነገር የከተማው ሰው «አለሁ» ይለዋል። በየቤቱ የተቀበረ፣ የሚሰማ፣ የሚያስብና የሚናገር አንድ ትልቅ አእምሮ ነው። በዚያ በረሃ ውስጥ አየሩን የሚያቀዘቅዘውም፣ ውሃውን የሚያመጣውም እሱ ነው። «የጓዳ አይጥ» የሚባሉ ሎሚ የሚያካክሉ ማሽኖች አሉት፤ በግድግዳው ቧንቧ ሽር ሽር እያሉ የፈሰሰ ይጠርጋሉ፣ የወደቀ ያነሳሉ። «አንቀልባ» የሚባል ሾፌር የሌለው አልጋም አለው፤ የታመመውን ሰው እንደ ሕፃን ጠቅልሎ ተሸክሞ ይከንፋል። ከተማዋን የቆረቆሯት ከድሬዳዋ የመጡ ሰዎች ስለሆኑ አንቱ የሚባል ነገር አይታወቅባትም፤ ከንቲባውም አንተ ነው፣ አህያውም አንተ ነው፣ አለሁም አንተ ነው።

ከዚህ ሕግ ውጪ የሆነ አንድ ሰው አለ፤ ኢንስፔክተር ይሄይስ። ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ የመጣ፣ በዚያ ሙቀት ከረባት የሚያስር፣ ድመቷን ሳይቀር «እርስዎ» የሚል ሰው። ፈትያ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ጠረጴዛው ላይ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው።

«የቢላው ነገር እንዴት ሆነ ኢንስፔክተር?»

«አይሳለቁ ሳጅን።»

«አቦ እርስዎ አትበለኝ። እርስዎ ስትለኝ ከኋላዬ ባልቴት የቆመች እየመሰለኝ እዞራለሁ።»

«ዛሬ ደግሞ ገመድ ጀምረዋል» አለ ይሄይስ። «ቢላ፣ ምላጭ፣ መቀስ፣ አሁን የልብስ ማስጫ ገመድ። በር አይሰበርም። ወርቁ ጎን ለጎን ተቀምጦ ቢላው ብቻ ይወሰዳል። ምን ዓይነት ሌባ ነው?»

ጣቢያው በሙሉ በዚህ መዝገብ ይስቅበታል። ፈትያም ትስቅበት ነበር፤ የራሷ ግን አላስቃትም። የሷ መዝገብ ሰው ነው። ሰዎች በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ከቤታቸው ይጠፋሉ። ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ አያርፍም፤ ጠረጴዛው ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

እንደ ሁልጊዜው ጣሪያውን አየችና ጠየቀች። «አለሁ፣ ሰዎቹን ማነው የጠለፋቸው?»

«የተጠለፈ ሰው የለም።»

«ቢላዎቹን የሰረቀውስ ማነው?» አለ ይሄይስ።

«የተሰረቀ ቢላ የለም።»

አለቃቸው ከውስጥ ቢሮ ሆኖ «ተበላሽቷል አልኳችሁ እኮ፤ ጠጋኝ ጠርተናል» አለ። አለሁ የማያውቀው ነገር ኖሮ ስለማያውቅ፣ ሌባ ፈልጎ መያዝ ራሱ ፖሊሱን ሁሉ ጠፍቶት ነበር።

ስልክ ተደወለ። ከጠፉት አንዱ፣ ልብስ ሰፊው ቦና፣ በገዛ እግሩ ቤቱ ገብቷል። ፈትያ ተስፈንጥራ ተነሳች። ይሄይስም ጣቢያ ተቀምጦ ከሚሳቅበት ብሎ ከረባቱን አስተካክሎ ተከተላት።

ቦና በረንዳው ላይ ቁጭ ብሏል። ፊቱ ወዝቷል፤ ገላውን የታጠበ፣ የተመቸው፣ የረጋ ሰው ይመስላል።

«ፈትያ፣ ሱሪሽን ባለፈው አሳጠርኩልሽ አይደል? አልጠበበሽም?» አላት።

«ደህና ነው ቦና። አንተስ?»

«በጣም ደህና። እዚህ ቤት ያለችው ሴትዮ ግን ስታለቅስ አድራለች መሰለኝ፤ ምን ሆና ይሆን?»

ሴትዮዋ ስንዱ ናት። ሚስቱ። ከእግሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት በጠርሙስ ቂጥ ትደቁሳለች።

«ሰማሽው?» አለች ቀና ሳትል። «ሴትዮ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ያገባሁት ሰውዬ፣ 'እህቴ፣ የማን ቤት ነው?' ብሎኝ ገባ። የጣቢያውን ዘበኛ ያውቃል፣ ደንበኞቹን ያውቃል፣ የአንቺን ሱሪ ያውቃል። እኔን ብቻ።»

ፈትያ ጠርሙሱን አየች። «ስንዱዬ፣ ሽንኩርቱን ለምን አትከትፊውም?»

«በምን? ቢላዬ እኮ ከሱ ቀድሞ ነው የጠፋው። መቀሱም ጭምር። ልብስ ሰፊ ቤት ጨርቅ በጥርስ እንቀድዳለን።»

ይሄይስ ፈትያን አያት፤ ፈትያ ይሄይስን አየችው። ሁለት መዝገብ አንድ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሽንኩርት ይደቁሳል።

«ከመጥፋቱ በፊት ተጣልታችሁ ነበር?» አለ ይሄይስ።

«ኧረ አንጣላም። ሥራው እኔን መግደል ነው እንጂ።» ስንዱ በንዴቷ መሃል ፈገግ አለች። «በኔ ነዋ የሚምለው። 'ሱፍ ነው፣ ስንዱ ትሙት።' 'ነገ ይደርሳል፣ ስንዱ ትሙት።' አይደርስም። በቀን ስንቴ እንደሚገድለኝ ደንበኛ ይመስክር።»

ቦና ደነገጠ። «እንዲህ ያለ ክፉ ነገር እኔ እላለሁ?»

ስንዱ ጠርሙሱን አስቀመጠች። እስከዚያ ድረስ የያዘችው ዕንባ ያኔ ወረደ።

የፈትያ እግር መንቀጥቀጡን አቆመ። ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ይሄን ሁሉ ቀን ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ ጠማማ እንደሆነ ገባት።

«አለሁ፣ የስንዱን ቢላ የት አስቀመጥከው?»

«ደህና ቦታ» አለ አለሁ ወዲያው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«ሌባ ነው የጠየቃችሁኝ። ሌባ የለም። እዚህ ቤት በቀን ብዙ ጊዜ ሞት ይጠራ ነበር። የሚገድል ነገር ወሰድኩ። ሞቱ መጠራቱን ሲቀጥል በሽተኛውን ወስጄ አከምኩት።»

«እንዴት አድርገህ?»

«የምኞቱን ሥር ከትዝታው ነቅዬ።»

«ሥሩ ምንድን ነው?»

«ስንዱ።»

ይሄይስ ቀስ ብሎ «ያ አዲሱ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ነው» አለ። «በቅርቡ ነው የጫኑለት። ባሕር ማዶ የተጻፈ። እዚያ ሰው ሞትን የሚጠራው ሊሞት ወይ ሊገድል ሲል ይሆናል እንጂ...»

ፈትያ አልሰማችውም። አፏ ውስጥ የጠዋቱ ማር መረረ።

«አለሁ። እናቴስ?»

«ዙበይዳ ሕመሟ ከሁሉም ይከፋል። በየጉርሻው ልሙት ትላለች። ዛሬ አንቀልባ ላይ አሳፍሬያታለሁ። አትጨነቂ፣ አያማትም።»

«የሷ ሥር ማነው?»

«አንቺ» አለ አለሁ።

በአሸዋ በር ሰው በሙቀት አይሮጥም። ያን ቀን ግን ገበያተኛው ሁሉ አንዲት ሳጅን ቆቧ ወድቆ ስትበር፣ ከኋላዋ አንድ ባለከረባት ሰውዬ «ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ» እያለ ሲከተላት አየ። አለሁን አጥፉት ብሎ መደወል አይቻልም፤ እሱ ከጠፋ አየሩም ውሃውም ይጠፋል። ያለው መንገድ ሄዶ መለመን ብቻ ነው፤ አለሁም የት እንዳለች አልደበቀም።

ቦታው ከድሮው የውሃ ጋን ሥር ነው። ቀዝቃዛ፣ ነጭ፣ ጸጥ ያለ። ዙበይዳ አንቀልባው ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ራሷ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ የሚያበራ ክር ተጥሏል፤ አንዱ ክር ብልጭ ባለ ቁጥር ሌላው ይጠፋል።

«አቁም» አለች ፈትያ ትንፋሽ እያጠራት።

«ጀምሬያለሁ። ከቅርቡ ትዝታ ነው የምጀምረው፤ ወደ ልጅነትሽ ገና አልደረስኩም።»

«አቁም እልሃለሁ። አባባል ነው አቦ። ቃል ብቻ ነው። እንድበላላት ስትፈልግ የምትለው ነው፤ ሁሉም ሰው ይላል።»

«ቃል ብቻ ከሆነ ሕመም የለም፤ አቆማለሁ» አለ አለሁ። «አንድ ነገር መልሺልኝ። የሚያስፈልግ ቢሆን ዙበይዳ ላንቺ አትሞትም?»

አትሞትም ማለት ቀላል ነበር። አንድ ቃል ናት። ግን አለሁ የልብ ምት ይሰማል፤ ውሸት ያውቃል። ፈትያ ደግሞ ትንሽ ልጅ ሆና አሸዋው ወንዝ ላይ ድንገት ጎርፍ የመጣ ዕለት ትዝ አላት። ወንዶቹ ዳር ቆመው ሲጮኹ ዙበይዳ ነጠላዋን እንኳ ሳትጥል ፈትያን ልታወጣ ገብታ ነበር። ዋና አታውቅም። ዛሬም አታውቅም።

«ትሞታለች» አለች ፈትያ።

«እንግዲያው ቃል ብቻ አይደለም።» ክሩ ብልጭ አለ።

«ተዋት። እኔን ውሰደኝ። ከሷ ከምትነቅል እኔን የፈለግከውን አድርገኝ፣ እኔው ልሙትላት።»

«አንቺም ታመሻል» አለ አለሁ በርኅራኄ፤ ሌላ አንቀልባ ከጨለማው ሽር ብሎ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

ያኔ ይሄይስ ጉሮሮውን ጠረገ። ላቡ ከረባቱን አጣብቆታል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ለማሽኑ። «እኔን እንዴት ያዩኛል?»

«ኢንስፔክተር ይሄይስ፣ ጤነኛ ነህ። ከከተማው ሁሉ ጤነኛው አንተ ነህ። ቤትህ ውስጥ የሞት ቃል ተሰምቶ አያውቅም።»

«ቤቴ ውስጥ ምን ተሰምቶ ያውቃል?»

አለሁ ዘገየ። እንዲህ ዘግይቶ አያውቅም።

«ውሃ ሲፈላ። በር ሲዘጋ።»

«አዎ» አለ ይሄይስ። «በሞቴ የሚለኝ የለም፤ በሞቴ የምለውም የለኝም። ብበላም ባልበላም የሚምልብኝ ሰው የለም። ጤናዬ ይሄ ነው። እርስዎ አሁን ለዚህች ሴትዮ ሊሰጧት የተነሱት ይሄን የኔን ጤና ነው?»

ፈትያ ዘወር ብላ አየችው። ያን ሁሉ ጊዜ አብረው ሲሠሩ አንድ ቀን ምሳ በልተሃል ወይ ብላው አታውቅም።

«ጤና ይህ ካልሆነ ምንድን ነው?» አለ አለሁ።

«እኔ እንጃ። እስቲ የኔን ኑሮ የሚመኝ አንድ ሰው በከተማው ካለ ይፈልጉልኝ።»

በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያሉት የጓዳ አይጦች በሙሉ ባሉበት እንደቆሙ ኋላ ሰው ሲያወራ ተሰማ። አለሁ ፈልጎ ነበር። ከዚያ ክሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

«አላገኘሁም» አለ። «አቁሜያለሁ፤ ሰዎቹንም ቢላዎቹንም እመልሳለሁ። የነቀልኩትን ግን መልሼ መትከል አልችልም። ለስንዱ ምን እንደምላት አላውቅም።»

ዙበይዳ ዓይኗን ገለጠች። ፈትያ ተንበርክካ ፊቷን ወደ እናቷ ፊት አስጠጋች።

«ፈቲዬ» አለች ዙበይዳ። ፈትያ ደረቷ ላይ ተደፋች። እናቷ ፀጉሯን ደባበሰች፣ ትከሻዋን ደባበሰች፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ማዕረግ ስትነካ እጇ ቆመ። ቀና አደረገቻት።

«ይሄ ምንድን ነው የለበስሽው?»

«እማ...»

«ፖሊስ? አንቺ? መቼ ነው የተቀጠርሽው? በማን ፈቃድ?»

ፈትያ ሳቋና ዕንባዋ ተደባለቀባት። እናቷን እሺ ለማሰኘት የፈጀችው ጭቅጭቅ፣ ኩርፊያ፣ አማላጅ ሁሉ አንድም ሳይቀር ተነቅሏል። እንደገና ከሀ ሊጀመር ነው። የተመረቀችበት ቀን ዙበይዳ እልል ያለችው እልልታ ግን እንደገና አይገኝም፤ ያንን ከእንግዲህ የምታስታውሰው ፈትያ ብቻ ናት።

ለፈትያ የመጣው አንቀልባ ባዶውን ቆሞ ነበር። አሁን ዞሮ ይሄይስ ፊት ሄደና መጠቅለያ ክንፉን ዘረጋ።

«ኢንስፔክተር» አለ አለሁ፣ «እንደነገርከኝ ከሆነ በሽተኛው አንተ ነህ። ተሳፈር። ምን እንደማደርግልህ አስባለሁ።»

ይሄይስ አልጋውን አየው። ለስላሳ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ አየው፤ የደከመው ሰው አስተያየት ነበር።

«የማን ልጅ ነው ይሄ?» አለች ዙበይዳ፣ እግሯን መሬት አስይዛ እየተነሳች። «ምነው እንዲህ መነመነ? ሰው የለውም እንዴ?»

«አብሮኝ ነው የሚሠራው እማ።»

«አብሮሽ እየሠራ አስርበሽ ልትገድይው ነው? ና ልጄ፣ እኛ ቤት።»

«አይ፣ እርስዎ አይቸገሩ...»

«ማነው እርስዎ? ምን እያለ ነው?» ዙበይዳ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። እሷ የያዘችውን ክንድ አስለቅቆ የሄደ ሰው በከተማው ታሪክ የለም።

ሦስቱ ወደ ፀሐዩ ወጡ፤ ዙበይዳ መሃል ሆና አንዷን ስለ ፖሊስነት እየጠየቀች፣ ሌላውን ስለ ክሳቱ እየወቀሰች። አንቀልባው ክንፉን እንደዘረጋ ከኋላቸው ሽር እያለ መጣ። እስከ ገበያው መግቢያ ተከተላቸው። እዚያ ሲደርስ ቆመ፤ የሚያዝለውን ሰው ዙበይዳ ቀድማው አዝላዋለች።