ጉድጓድና ቁልል

«ሚስ፣ ከባዶ ሰሐን ላይ ምን ይነሳል?»

ጠያቂዋ ዙሁር ናት። አገጯን በመዳፏ ደግፋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ከንጋት ጀምሮ ከእናቷ ጋር ቲማቲም ስትለቅም ስለነበር ጣቶቿ አረንጓዴ ሆነዋል። ለማስቸገር ብላ አልጠየቀችም፤ የእውነቷን ነው።

መምህርት ፋድያ ወደ ሰሌዳው ዞረች። 3 − 7 ይላል። ባለፈው ሳምንትም ይኸው ነበር የተጻፈው።

«ከከረክ ስትወርዱ መንገዱ ዳር ‹የባሕር ወለል› የሚል ምልክት አለ አይደል?» አለች። «እሱ ዜሮ ነው። ይህ የኛ ሰፈር ያለው ከሱ በታች ነው፤ ከዜሮ በታች።»

«እሱንማ አምናም ነግረውናል» አለች ዙሁር። «ሁልጊዜ እኛን ነው ከዜሮ በታች የምታደርጉን።»

ክፍሉ ሳቀ። ፋድያ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ለመቆጣትም አቅም ይፈልጋል።

ሠላሳውን አልፋለች። ቤቷ ተራራው ላይ፣ ከረክ ነው። በየቀኑ በሚኒባስ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዳ፣ ጆሮዋ ተደፍኖ፣ ሙት ባሕር ዳር ያለው የጎር ቆላ ሙቀት ውስጥ ትገባለች። ከሰዓት ተመልሳ ትወጣና ጉልበቱን ለሚያመው አባቷ ታበስላለች። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። ጎረቤቶች «ቆማ ቀረች» ማለት ጀምረዋል። ወደ ከረክ እንድትዛወር ካመለከተች ከርማለች፤ መልስ የለም።

ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ነው፤ ጠዋት ሴቶች፣ ከሰዓት ወንዶች። የዚያን ዕለት የሚኒባሱ ሞተር ግሎ ቆመና ፋድያ እስኪጠገን ድረስ መምህራን ክፍል ገብታ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ትንሽ ቆይታ ከግቢው የአካፋ ድምፅ ሰማች። በመስኮት አየች።

የወንዶቹ ሒሳብ መምህር እጅጌውን ሰብስቦ የቁርቁራው ዛፍ ሥር ቆሟል። ልጆቹ ከበውታል።

«ይህ ምንድን ነው?» አላቸው መሬቱን እያሳየ።

«ሜዳ።»

«እንግዲህ ሜዳ ዜሮ ነው።» አንዴ ቆፍሮ አፈሩን ከጎኑ ከመረው። «አሁንስ?»

«አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ቁልል።»

«ቁልሉ ፖዘቲቭ አንድ፣ ጉድጓዱ ኔጌቲቭ አንድ። ሁለቱ ሲደመሩ?»

አንዱ ልጅ ቁልሉን በእግሩ ገፍቶ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተው። ሜዳ ሆነ።

«ደግ። አሁን ሦስት ቁልል አለኝ። ጎረቤቴ ግን ሰባት ቁልል አፈር ፈለገ። ሦስቱን ሰጠሁት። የቀረውን ከየት ላምጣ?»

«ይቆፍሩለት፣ ኡስታዝ።»

«ቆፈርኩ። ምን ቀረኝ?»

«አራት ጉድጓድ።»

ፋድያ እግሯ ይዟት ወጣ። ልጆቹ ወደ ክፍል ሲገቡ ቀረበችው። አዋድ ይባላል። ስሙን እንጂ መልኩን አታውቀውም ነበር፤ እሷ ስትወጣ እሱ ነው የሚገባው።

«ይቅርታ ኡስታዝ» አለች። «ከሁለት ላይ ኔጌቲቭ አምስት ሲቀነስስ? ሁለት ቁልል ነው ያለዎት። ጉድጓድ የለም። የሌለ ጉድጓድ እንዴት ይነሳል?»

ላቡን በክንዱ ጠረገ። ዓይኑ ሥር እንደ እሷው ጠቁሯል።

«እሱ ጋ ስደርስ እኔም ይጨልምብኛል» አለ። «በቃላችሁ ያዙት ብዬ ነው የማልፈው።»

አለማስመሰሉ ደስ አላት። ሁለቱም መሬቱን አዩ።

«አምስት ጊዜ ይቆፍሩ» አለች በመጨረሻ። «አምስት ጉድጓድና አምስት ቁልል ይወጣል። ያው ዜሮ ነው፤ የጨመርነው ነገር የለም። አሁን ጉድጓዶቹን ያንሱ።»

«የት ልውሰዳቸው?»

«ከሌላ ቦታ አፈር አምጥተው ይድፈኗቸው።»

ከንፈሩ ቆጠረ። «ሰባት ቁልል» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ከመሬቱ ዓይኑን አንስቶ እሷን አያት። ሚኒባሱ ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ አልመለሰውም።

በማግሥቱ ፋድያ ሴቶቹን ግቢ አወጣች። አካፋውን ለዙሁር ሰጠቻት። ዙሁር ቆፈረች፣ ደፈነች፣ ቆጠረች፤ ከዚያ ቀና አለችና «ይህን ለምን ከመጀመሪያው አልነገሩንም?» አለች።

«አላውቀውም ነበር» አለች ፋድያ።

ከዚያ ወዲህ ፈረቃው ሲቀየር ቁርቁራው ሥር መገናኘት ልማድ ሆነ። በሰው ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ቆመው። አዋድ የጎር ተወላጅ ነው። ጠዋት የቤተሰቡ የቲማቲም ማሳ ላይ ይውላል፣ ከሰዓት ያስተምራል። ስለ ክፍልፋይ ያወራሉ፣ ስለ ውሃ መጥፋት ያወራሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዝም ይላሉ። ለፋድያ ዝምታው ከወሬው ይልቅ ያሳርፋት ነበር።

አንድ ቀን ሳታስበው «ደክሞሃል?» አለችው።

አዋድ ደንገጥ አለ። «ምን አልሽኝ?»

«ምንም።»

«ድገሚው እስቲ።»

ፋድያ ፊቷ ቀላ። ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሚኒባሱ ሄደች፤ ከበሩ ላይ ግን ዞር ብላ፣ «ደክሞሃል፣ ግባና ውሃ ጠጣ» አለችው። ከዚያ በኋላ አንቱታው ቀረ።

ክረምቱ ሳይገባ የአዋድ ሽማግሌዎች የታጠበ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እሱንም ይዘው ተራራውን ወጡ። የከረክ ብርድ ያንቀጠቅጣቸው ነበር። ቡና ተቀድቶ ፊታቸው ተቀመጠ። በወጉ መሠረት የመጡበት ነገር ሳይፈቀድ አይቀመስም። አንደኛው ሽማግሌ ቃሉን አሳምሮ ተናገረና ልጅቷን ለአዋድ ጠየቀ።

የፋድያ አባት ወንድ ልጅ ስላልነበረው በሴት ልጁ ስም አቡ ፋድያ ይባላል። እሱ ወደ ወንድሞቹ አየ። የመለሰው ታላቅየው ነው።

«እንግድነታችሁ የተከበረ ነው። ልጃችን ግን ወደ ታች አትወርድም።»

የጎር ሰዎችን ጥቁር ቀለም ማለቱ ነበር፣ ሙቀቱንም፣ ዘራቸውንም። ሁሉም ገባቸው። አቡ ፋድያ መሬት መሬት አየ እንጂ አልተናገረም። ሽማግሌዎቹ ተነሱ። አዋድ ከሁሉ ኋላ ቀርቶ «ስለ መስተንግዶው እናመሰግናለን» አለና ወጣ። ፋድያ ከጓዳ ሁሉን ሰምታለች። እንደሞሉ የቀዘቀዙትን ስኒዎች ሰብስባ ደፋቻቸው።

«አባዬ» አለች ማታ። «በየቀኑ እኮ ወደ ታች እወርዳለሁ።»

«እሱ ለእንጀራ ነው።»

«ለእንጀራ ሲሆን አያስነውርም?»

አባቷ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ።

«ከቃልህ አልወጣም» አለች። «ሌላ ሰው ግን አላገባም። ይህንን እወቅልኝ።»

ብዙም ሳይቆይ ዝውውሩ ተፈቀደ። የከረክ ትምህርት ቤት፣ ከቤቷ በእግር የሚደረስ። ርዕሰ መምህሯ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተገላገልሽ» አለቻት። ፋድያ አልፈልግም አለች።

አዋድ ሲሰማ ተቆጣ። «ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ሂጂና እረፊ። መልክሽን በመስታወት አይተሽዋል?»

«ላንተ አይደለም። ዙሁር ገና ክፍልፋይ አልጀመረችም።»

ሁለቱም ውሸት መሆኑን ያውቁ ነበር። ደወሉ ተደወለ።

እንዲህ ሆነው ክረምት አለፈ፣ ሌላ ክረምት መጣ። የአዋድ እናት ሌላ ልጅ እንዲያይ ለመነችው፤ «እሺ» ይላታል፣ አያይም። ፋድያ ትወርዳለች፣ ትወጣለች። ቁርቁራው ሥር የሚሉት እየቀነሰ ሄደ፤ «እንዴት አደርሽ?»፣ «ደህና። አንተስ?»። አንዳንዴ ያቺም ትቀራለች፤ አጠገብ ለአጠገብ ይቆሙና ይለያያሉ። ፍቅራቸው ግን አልሳሳም፤ የደከመው ሰውነታቸው ነው።

ብርዱ በበረታበት አንድ ከሰዓት ፋድያ ለራት ሽንኩርት ልትልጥ ጓዳ ገባች። ድምፅ ሲጠፋበት አቡ ፋድያ ጉልበቱን እያሸ ተከተላት። ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ቢላዋው ከእጇ አልወጣም። ሻሽዋ ሸርተት ብሎ ጸጉሯ ይታያል፤ ከጆሮዋ በላይ ነጭ ሆኗል። እናቷ በሞተችበት ዕድሜ እንኳ እንዲህ አልነጣችም።

ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቆ ቢላዋውን ወሰደ። ቆሞ አያት። ቀሪውን ሽንኩርት ራሱ ላጠው።

በማግሥቱ ልትወጣ ስትል አባቷ ካፖርቱን ለብሶ በሩ ጋ ቆሟል።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«አብሬሽ እወርዳለሁ።»

ትምህርት ቤት ሲደርሱ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና «ሂጂ፣ አስተምሪ» አላት። ያን ዕለት ፋድያ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ቁጥር ትሳሳት ነበር። ዙሁር ሁለት ጊዜ አረመቻት።

ቀትር ላይ አዋድ መጣ። ሽማግሌውን ሲያይ ቆመ፤ ከዚያ ቀርቦ ሰላም አለና ውሃ አመጣለት። አቡ ፋድያ ጠጣ።

«ወንድሞቼ ያኮርፉኛል» አለ።

«አውቃለሁ፣ አባቴ።»

«የመጣሁት እኔን ደክሞኝ አይደለም። የዚያን ቀን መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አፌን ዘጋሁና እሷን እየጨረስኳት ነው።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሽማግሌዎችህን እንደገና ላክ። አሁን የምመልሰው እኔ ነኝ።»

አዋድ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ፋድያ ጠመኔ ባነጣው እጅጌዋ ስትወጣ፣ ሁለቱ ወንዶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደተለያየ አቅጣጫ ያያሉ። አዋድ ዓይኑን እያበሰ ነበር። ከፊቱ ሁሉን አነበበች። ግድግዳውን ተደገፈች።

«ነይ ቁጭ በይ» አለ አባቷ።

መሃላቸው ተቀመጠች። ፀሐይዋ ጉልበታቸውን ታሞቃለች፤ አቡ ፋድያ እግሩን ዘረጋ፣ አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋ።

«እዚህ ደግሞ አያመኝም» አለ ለራሱ። ከዚያ በልጁ ትከሻ ላይ አሻግሮ አዋድን አየው። «አንተ፣ ከእንግዲህ ምን ብዬ ልጥራህ? ኡስታዝ ነው፣ ልጄ?»

«እንደፈቀዱ፣ አባቴ።»

ሽማግሌው የካፖርቱን ቁልፍ ፈታ።

«ልጄ ይሻላል» አለ። «ኡስታዝ ማለት ገና ከአሁኑ አደከመኝ።»