የግራው ጎማ ዝምታ

ኤቬሊዮ ከመሪው ጋር ተጣብቆ ሞቶ ሲገኝ፣ ከሳንቲያጎ በላይ ባለው ቁልቁለት ከተሰበሰበው ሰው አንድም ያለቀሰለት አልነበረም። ሰዉ ከንፈር የመጠጠው ለመኪናዋ ነው። ከአባቱ የወረሳት አሮጌ አሜሪካ ሠራሽ ከገደሉ ሥር ተጋድማለች፤ የፊት ግራ ጎማዋ እንደ ተሰበረ ክንፍ ከሥሯ ታጥፏል።

መርማሪ ዙሌማ ፖርቱዎንዶ ተንበርክካ አየች። ጎማውን ከታችኛው የብረት ክንድ ጋር የሚያያይዘው ቦል ጆይንት ተላቋል። ኳሱ ተበልቶ እንቁላል መስሏል፤ ግራሶ የሚባል ቅባት የለውም፤ ጥቁር የላስቲክ ሽፋኑ ተሰነጣጥቋል። ወደ ቀኙ ዞረች። የቀኙ አዲስ ነው፤ ሽፋኑም አረንጓዴ።

«ጉዳዩ አልቋል፣ ጓድ መርማሪ» አለ ሳጅን ኦስማኒ። «ሜካኒኩ ኡባልዶ ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም በአዲስ ቀየርኩ ብሎ ነበር። አንዱን ቀይሮ አንዱን ሰርቋል። ይዘነዋል።»

«አንተ ሁልጊዜ ቀድመህ ትጨርሳለህ» አለችው። «የሚቀርህ ማሰብ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ሜካኒክ፣ ሟቹ ይኖርበት በነበረው ግቢ፣ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። በዚህ ዕድሜው ወህኒ ከገባ እንደማይወጣ ያውቃል።

«ሁለቱንም አዲስ አስገብቻለሁ፣ የኔ ልጅ። ከፓናማ በሻንጣ የመጡ፣ አረንጓዴ ሽፋን ያላቸው። አሮጌዎቹን እዚሁ ግቢ ትቼለት ሄድኩ። የዛገ ምስማር እንኳ የማይጥል ሰው ነበር።»

«አንዱን አስቀርተውበት ቢሆንስ?»

«ከኤቬሊዮ ላይ? ቀጥቃጭ እያለ ነበር የሚጠራኝ። መኪናዋ ኮሽ ካለችበት ደጄ ላይ ቆሞ ሰፈሩ እስኪሰማ ይሰድበኛል።»

የሟቹ ሚስት ኖርቤርታ ደረቅ ዓይኗን ሳትሰብር መለሰች። «ከተሠራች ወዲህ እንደ ድመት ነው የምትሄደው እያለ ሲጎርር ሰነበተ። በሞቱ ዋዜማ ጎረቤቱን ሁሉ ጭኖ አዞረ። እኔን አልጫነኝም፤ ወንበሩን ታቆሽሺብኛለሽ አለኝ።»

«እኔ ግን ስታንኳኳ ሰምቻለሁ!» አለ የሟቹ ወንድም ሊሳንድሮ፣ በዚያው ግቢ የሚኖረው። «ነግሬው ነበር።»

«ነገርከው?» ኖርቤርታ ሳቀችበት። «አንተን መቼ ከሰው ቆጥሮ አናግሮህ ያውቃል? ልጅህ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ በመኪናህ ከተማውን ልታዞራት ስትደግስላት፣ እንግዳው ሁሉ ቆሞ፣ ‹በዚህ የዶሮ ቆጥ ነው የምትዞረው? እንቁላል እንዳትጥልበት!› አላለህም? ልጅቷ ያን ቀሚስ ለብሳ በእግሯ አልሄደችም?»

የዶሮ ቆጥ የተባለችው የሊሳንድሮ መኪና፣ የሟቹ መኪና መንታ፣ ከኋላው ቆማለች።

ዙሌማ ሁሉንም እዚያች መኪና ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ያ የተበላ ቦል ጆይንት ከመጀመሪያው ቀን ያንኳኳ ነበር። ኤቬሊዮ ግን እስከ ዋዜማው ጎረረ። ስለዚህ የተለወጠው ከዚያ በኋላ፣ አሮጌዎቹ በወደቁበት በዚህ ግቢ ነው። ሌባ ቢሆን ደግሞ ሁለቱንም ይወስድ ነበር፤ ለመግደል ግን አንዱ ይበቃል። አሁን አዲሱ የት ገባ? ሊሳንድሮ፣ ክሪክህን አምጣ። የፊት እግሮቿን አንሳልኝ።»

ሊሳንድሮ ክሪኩን የመኪናዋን አካል ከሚሸከመው ሻንሲ ሥር አስገብቶ በየተራ አነሳቸው። ጎማዎቹን ወዘወዘ፤ አንዱም አላንኳኳ።

«ይኸው፣ ደህና ናት።»

«እኔንም እንደ ሳጅኑ አደረግከኝ? ከሻንሲው ስታነሳት ጥምዝምዙ ሞላ ክንዱን ወደ ታች ገፍቶ ኳሱን አፍኖ ይይዘዋል። ይህን የማያውቅ ሹፌር እዚህ ከተማ የለም። ከታችኛው ክንድ ሥር አድርገው።»

ክሪኩን አዛውሮ እንደገና በየተራ አነሳና ወዘወዛቸው። ቀኙ ኳ፣ ኳ አለ። ግራው ጭጭ።

«አብረው ያረጁ ሁለት እግሮች፣ አንዱ ብቻ ይነቃነቃል?» ዙሌማ ጎንበስ ብላ በግራው ላይ የተለሰነውን ጭቃ በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ።

«በልጄ ፊት ነው ያዋረደኝ» አለ ሊሳንድሮ በቀጭን ድምፅ።

«አንተስ ይሄን ሽማግሌ ምን አደረግከው? ብረቱን ባሕር ብትጥለው ማንም አይነካህም ነበር። ወንድምህን ገደል ሰደድክ፤ ብረቱን ግን መጣል አሳሳህ።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከሽማግሌው ፈትቶ ለሊሳንድሮ አጠለቀ። ኡባልዶ የእጁን አንጓ እያሻሸ ከመኪናዋ ሥር አጮለቀና በንቀት ምራቁን ተፋ።

«የማሰሪያውን ዳዶ እንኳ አላጠበቀውም። ቁልቁለቱን ሁለቴ ቢወርድባት እሱም ወንድሙን ይከተል ነበር።»

ኖርቤርታ ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?»