የአራተኛው መደብ ጨርቅ

«ንፋሴ! እጅሽን ታጠቢና ቅረቢ!»

እናቷ የከተፈችው ቲማቲም ላይ ጨው እየነሰነሰች ነበር። ቤት ውስጥ «ንፋሴ» የሚሏት ስትገባም ስትወጣም በር ስለምታላትም ነው። አሁን ግን ደጃፉ ላይ ተገትራ ቀረች።

«ከየት ነው የገዛሽው፣ እማዬ?»

«ከየት ይሆናል? ከጎረቤታችን ጓሮ ነዋ! ከአራተኛው መደብ፤ እንዴት እንደበሰለ አታይም? ገበያ አንድ ኪሎ በምገዛበት ሁለት ኪሎ ሰጠችኝ። ደግሞ ስንት ቀን በመኪና ተጭኖ እንደከረመ ከማናውቀው፣ ዓይናችን እያየ ያደገውን ብንበላ ይሻላል። ባለፈው ወር የማሙሽን ሆድ ረሳሽው እንዴ?»

አልረሳችውም። ትንሽ ወንድሟ ሲያስመልሰው አጠገቡ ቁጭ ብላ ያደረችው እሷ ናት።

እጇ ሳታስበው የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠ። ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተበጥሶባት፣ በጓሮው አቋርጣ ስታልፍ ከአራተኛው መደብ እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ ፈትታ አሰረችበት። ጠዋት እመልሰዋለሁ ብላ ነበር። ጠዋት ደግሞ እንደ ልማዷ ረፍዶባት ሮጠች።

የዚያን ጨርቅ ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የጎረቤታቸው ባል ማለዳ የተባይ መድኃኒት ይረጭና፣ የረጨበት መደብ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ ወደ ሥራው ይሄዳል። በየሁለት ቀኑ ለቅማ የምትሸጠው ሚስቱ ናት። ጨርቅ ያለበትን መደብ ሳምንት እስኪሞላው አትነካም። ዛሬ ግን ጨርቁ አልነበረም።

ንፋሴ ብትናገር ጉዷ ፈላ። ማሙሽ ግን ሹካውን አንስቷል።

ዘላ ሳህኑን ገፍታ ጣለችው። ቲማቲሙ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«አንቺ ልጅ! ምን ነካሽ?»

«አዳለጠኝ... ይቅርታ፣ እማዬ።»

እናቷ መጥረጊያ አንስታ እያጉረመረመች ትጠርግ ጀመር። ንፋሴ እፎይ አለች። ማንም አላወቀም፣ ማንም አልተጎዳም።

«ይሄን የመሰለ ቲማቲም! ደግሞ ሌላ እንዳልገዛ አልቋል፤ የቀረውን የልብስ ሰፊው ሚስት ወሰደችው። ነፍሰ ጡር አይደለች፣ ሰሞኑን ከቲማቲም ሌላ አልበላ ብሏታል።»

ንፋሴ ቦርሳዋን አየች። ዝም ብትል ማን ይጠረጥራታል? ሴትዮዋ ብትታመምም የሚወቀሱት ባለጓሮዎቹ ናቸው። ይህን ማሰቧ ራሱ አሳፈራት።

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቋጠሮውን ለመፍታት ታገለች። ጣቷ እምቢ ሲላት በጥርሷ ልትፈታው አስባ፣ መድኃኒቱ ትዝ ብሏት ተወችው። በመጨረሻ ተፈታ።

«እማዬ፣ አላዳለጠኝም» አለች ጨርቁን እያሳየቻት።

እናቷ ጨርቁን አየች፣ ወለሉን አየች። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

«የአራተኛው መደብ ነው እንዳትዪኝ...»

«ስመለስ የፈለግሽውን አድርጊኝ። ማሙሽ እንዳይነካው!»

በሩን ሳትዘጋ ሮጠች። ልብስ ሰፊው ቤት ስትደርስ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከውስጥ የሳህንና የሹካ ድምፅ ይሰማል። ጨርቁን ኪሷ ውስጥ ልትከተው አሰበችና ተወችው። ጨርቁን በያዘው እጇ በሩን ደበደበች።