ጋሻውን ያነሣው ማን ነው?

የትነበርሽ በሩን እንዴት እንደከፈተችው ትዝ ያላት የክንዱ አስከሬን ከግቢው ከወጣ በኋላ ነው።

ጠዋት ለቁርስ ልትጠራው ሄዳ እጇ እንደ ልማዱ የውጭውን መወርወሪያ ሳበ፤ በሩን ገፋ አድርጋም ገባች። ክፍሉ ቀድሞ የእህል ማኖሪያ ስለነበር መወርወሪያው ከውጭ ነው። ለባለሱቁ ለክንዱ ስታከራየው አስነቅለዋለሁ ስትል ሳታስነቅለው ቀረች። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ጩኸትና የጎረቤት ግርግር ነበር። ሬሳው ለምርመራ ተወስዶ ግቢው ጭር ሲል፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከክፍሉ ፊት ለፊት ቁጭ እንዳለች ዐይኗ መወርወሪያው ላይ ዐረፈ።

ውስጥ የተኛ ሰው የውጭ መወርወሪያ አይወረውርም።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «የከሰል ጭስ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ሰው መብላቱ አይቀርም» ይላል። ከሰሉን የላከችው ደግሞ እሷው ናት። ክንዱን ጉንፋን ጥሎት ስለነበር በባሕር ዛፍ ቅጠል እንዲታጠን ማንደጃውን አቀጣጥላ በልጇ በባምላክ እጅ ሰደደችለት። «በሩን ገርበብ አድርገህ ማንደጃውን ደፉ ላይ ተወው፤ ወደ ውስጥ እንዳይገባ» ብላ ደጋግማ አስጠንቅቃ ነበር።

የትነበርሽ የባሰውን ሳታስብ ውላ አታውቅም። ልጇ ቢዘገይ ጥይት ይታያታል፤ ስልኩን ባያነሣ እስር ቤት ይታያታል። አሁን ግን የባሰው ነገር ራሱ ደጇ ድረስ መጣ። ትናንት ማታ የግቢውን በር ለሰዓት እላፊው የቆለፈችው እሷ ናት፤ ቁልፉም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያደረው። ግቢው ውስጥ ከሟቹ ሌላ የነበሩት እሷና ባምላክ ብቻ ናቸው። ባምላክ ደግሞ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከክንዱ ጋር ተጣልቶ፣ ድምፃቸው እስከ ጎረቤት ተሰምቷል።

«አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም» አለች በሆዷ።

ኢንስፔክተር ሙሚና ዝናብ ያረጠበው የፖሊስ ካፖርት ለብሳ ስትመጣ፣ የትነበርሽ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ሙሚና አጭር፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ሰላምታ ሰጥታ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ሄደችና ደፉ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እትዬ የትነበርሽ፣ ያጽናዎት። በሩን የከፈቱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት አድርገው ከፈቱት?»

«ገፋሁት።»

ሙሚና መወርወሪያውን በጣቷ ነካ አደረገችው። «ማንደጃውን የነካው ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም።»

«ደፉ ላይ ይሁን ብለው ልከውት ነበር አሉ። አሁን ያለው መሀል ቤት ነው።» በጣቷ ወለሉን አሳየቻት። ከደፉ እስከ ማንደጃው ድረስ ሲሚንቶው ላይ ጭረት አለ፤ በጭረቱ ዳርና ዳር አመድና ተበታትኖ የጠፋ ፍም ወድቋል። «ማንደጃ የሚያስገባ ሰው በእጀታው አንሥቶ ነው የሚያስገባው። ይህን ግን በእግር ነው የገፉት።»

የትነበርሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ሙሚና የሟቹን ጓደኞች አንድ በአንድ ሳሎን እያስገባች ጠየቀቻቸው። ሦስት ናቸው፤ ባምላክ፣ ሒክማና አስናቀው። የትነበርሽም ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ከቤትሽ ውጪ የሚላት አልነበረም።

ሒክማ በጎንደር አራዳ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ቤቷ ከአጥሩ ማዶ ነው። ዐይኗ አብጧል፤ አነጋገሯ ግን ፈጣን ነው።

«እዚህ የምንሰበሰበው ዋይፋይ ስላለ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ ሌላ የት እንሄዳለን? የምንጫወተው የጦርነት ጨዋታ ነው፤ ከየአገሩ ብዙ ሰው ይገባበታል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ግንብ አለው። ብቻውን የሆነ ሰው ግንቡ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ኅብረት ይገባል። የእኛ ኅብረት አንገረብ ይባላል። ዘውዱ የክንዱ ነበር። ያዝዘናል፣ ይቆጣናል፤ መሪያችን ነበር።»

«ሲተኛስ ግንቡን ማን ይጠብቅለታል?»

ሒክማን ጥያቄው አስገረማት። «ይሄውልዎት፣ ጋሻ የሚባል ነገር አለ። ጋሻ የተነሣለትን ግንብ ማንም አይነካውም። ጠላት ሲመጣ ፈጥኖ የሚያነሣ ሰው ግን ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ሆነን የይለፍ ቃል ተለዋውጠናል። አንዱ ሲተኛ ጥንዱ በስሙ ገብቶ ያድርለታል።»

«ማን ከማን ጋር?»

«እኔ ከባምላክ። ክንዱ ከአስናቀው። የጥንድን ቃል ለሌላ ሰው መስጠት ነውር ነው፤ ያስባርራል።»

«ትናንት ጠቡ በምን ተነሣ?»

«ባምላክ ሳያስፈቅድ ወታደር ላከ፤ አለቀበት። ክንዱም ማዕረጉን ገፈፈው። ከዚያ ራሱ ክንዱ ደከመውና ‹እስከ መቼ ስልክ ውስጥ እንኖራለን? የዛሬው ውጊያ ሲያበቃ ዘውዱን ለሒክማ ሰጥቼ ጨዋታውን እተወዋለሁ› አለ።»

«አስናቀው ይህን ሲሰማ ምን አለ?»

«ሳቀ። ‹ሸጋ ነው› አለ። ክንዱ ሊተኛ ገባ፤ ባምላክ ማንደጃውን አድርሶለት ተመለሰ። ወዲያው አስናቀው ወደ አዘዞ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። ዝናቡም በረታ። እኔና ባምላክ ውጊያውን ገና ስንጀምር መብራት ጠፋ፤ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ጨዋታውን ትቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። መብራቱ የመጣው ጠዋት ነው።»

ቀጥሎ የገባው አስናቀው ነው። የአዘዞ ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ረጅም ነው። ሲቀመጥ ጉልበቱ ጠረጴዛውን ነካው።

«ምነው ኢንስፔክተር፣ ለቅሶ ደራሽን ታስሪያለሽ እንዴ? ሰዓት እላፊው ሳይደርስብኝ አዘዞ መግባት አለብኝ።»

«ሥራ አለህ?»

«የምን ሥራ? መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ መኪናዬ ንቅንቅ አላለችም። ጎማዋ ሥር ሣር በቅሏል፤ ዶሮ እንቁላል ይጥልባታል።»

«ትናንት ከዚህ ከወጣህ በኋላ ክንዱን አይተኸዋል?»

«በዐይን አላየሁትም። በጨዋታው ግን አየሁት። የእኅቴ ባል የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ በእሱ ዋይፋይ ገባሁ። ጠላት ግንቡ ላይ ሲመጣበት ክንዱ ጋሻ አነሣ። ውጊያው ሲያበቃ ደግሞ ሐሳቡን ለውጦ ዘውዱን ለእኔ ሰጠኝ። እንግዲህ እስከዚያ ድረስ ደኅና ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ የነበረው ማን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። እኔ በሰው ልጅ ላይ ጣቴን አልቀስርም።»

አለመቀሰሩ ከመቀሰር የባሰ ነበር።

«እናንተ ዘንድ መብራት ነበረ?» አለች ሙሚና።

«ነበረ እንጂ። ምነው?»

«እንዲያው ነው። ጫማህን ምን ነካው?»

አስናቀው ወደ እግሩ አየ። የቀኝ ሸራ ጫማው አፍንጫ ላይ ያለው ጎማ ቀልጦ ተጨማዷል። «ሞተር ነው። ሹፌር ምን ያልተቃጠለ ነገር አለው?»

የመጨረሻው ባምላክ ነበር። ሙሚና ማንደጃውን የት እንዳኖረው ጠየቀችው።

«ደፉ ላይ። በሩን ገርበብ አድርጌ ተውሁት።»

«ክንዱ ምን አለህ?»

«እንቅልፍ ወስዶት ነበር።» ልጁ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ። «ኩርፊያ ላይ ስለነበርሁ አልቀሰቀስሁትም። ጠዋት ይቅርታ እለዋለሁ ብዬ ነበር።»

የትነበርሽ ተነሥታ ወደ ኩሽና ሸሸች። ሙሚናም ተከተለቻትና ከኋላዋ ቆመች።

«እትዬ፣ በሩን ገፋሁት ብለውኛል።»

«ብናገር ልጄን ትወስጅብኛለሽ።»

«በሩ ከውጭ እንደተዘጋ አመዱ ነግሮኛል፤ አሁን ሰው እንዲነግረኝ ነው የምፈልገው። እርስዎ ዝም ካሉ አስናቀው የተናገረው ብቻ ነው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው። እሱ ደግሞ ወደ ማን እንደሚወስድ ሰምተዋል።»

የትነበርሽ ምድጃው ላይ እሳቱ ጠፍቶ የቀዘቀዘውን ድስት ታየዋለች። እውነቱን ብትናገር ልጇ የሚያዝ ይመስላታል፤ ብትደብቅም ያው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የባሰውን ስትጠብቅ ኖራ፣ ሁለት የባሰ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አላወቀችም። መጨረሻ ላይ ያዳመጠችው እጇን ነው። ብረቱን የሳበው እጇ እስከ አሁን አልረሳም።

«ተወርውሮ ነበር» አለች። «ስቤ ነው የከፈትሁት።»

ሙሚና ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በር ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ውጪ መሸትሸት ብሏል፤ አስናቀው በመስኮት እያየ ይቁነጠነጣል።

«ክንዱን የገደለው የከሰል ጭስ ነው» ብላ ጀመረች። «ጭሱን ግን ሰው ነው የዘጋበት። ባምላክ ማንደጃውን ደፉ ላይ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶት ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ማንደጃውን በእግሩ ወደ ውስጥ ገፍቶ በሩን ዘጋና ከውጭ ወረወረው። እትዬ የትነበርሽ ጠዋት ስበው ከፍተውታል።»

ሒክማ ዞራ የትነበርሽን አየቻት። የትነበርሽ ራሷን ነቀነቀች።

«ማን እንደሆነ ለማወቅ መቼ እንደሆነ ማወቅ አለብን። አስናቀው እንደሚለው ክንዱ ጋሻ ሲያነሣና ዘውድ ሲሰጥ በሕይወት ነበር። እንደዚያ ከሆነ በሩ የተዘጋው ከውጊያው በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ግቢው ውስጥ የነበረው ባምላክ ነው። ሒክማ፣ ውጊያው ሲጋጋል እናንተ የት ነበራችሁ?»

«ነገርሁዎት እኮ። መብራት ጠፍቶ ወጥተናል።»

«ዋይፋዩስ?»

«ሞቷል።»

«የክንዱ ክፍል ሌላ ዋይፋይ አለው?»

«የለውም። ይሄው የሳሎኑ ነው…» ሒክማ አረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ አፏን በእጇ ያዘች።

«አዎ» አለች ሙሚና። «የሞባይል ኢንተርኔት የለም፤ ዋይፋዩም ጠፍቷል። በዚያ ክፍል ያለ ሰው፣ ቢነቃም እንኳ፣ ጋሻ ሊያነሣ አይችልም። ጋሻውን ያነሣው መብራት ካለበት ቦታ የተቀመጠ፣ የክንዱን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው ነው። ቃሉን የሚያውቀው ደግሞ ጥንዱ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ አስናቀው አዩ።

«ጨዋታ ነው እኮ የምታወሪው» አለ። «በስሙ ገባሁ እንበል። ይጠብቅልኝ ብሎ የሰጠኝ ራሱ ነው። በር ዘጋህ የሚያሰኝ ነው?»

«ለምን ዋሸኸኝ ያሰኛል። ክንዱ አነሣው አልኸኝ። አራዳ መብራት መጥፋቱን አልሰማህም ነበር። ደግሞ ጫማህ። ሞተር ነው ያቃጠለኝ አልህ፤ መኪናህ ሣር እስኪበቅልባት ድረስ መቆሟን የነገርኸኝም አንተው ነህ። የትኛው ሞተር ነው?»

አስናቀው የቀኝ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

«ውጊያው እስኪያልቅ ብቻ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ተነሥቶ ዘውዱን እንዳይሰጣት። ሲነጋ ይከፈትለታል ብዬ ነው። መንገዱ ከተዘጋ፣ መኪናዬ ከቆመች ወዲህ እኔ የምሄደው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ክንዱ ሊተወው ይችላል፤ ሱቅ አለው። እኔ ምን አለኝ?»

«ማንደጃውንስ ምነው ገፋኸው?»

«በሩ አልዘጋ አለኝ» አለ፤ ድምፁ እየሰለለ። «ደፉ ላይ ተቀምጦ አልዘጋ አለኝ።»

«የጎንደር ልጅ ከሰል በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም?»

አስናቀው የቀለጠውን ጫማውን አየ።

«ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም የስልክ ጥሪ ይሠራ ነበር። ለክንዱ ባይሆን ለእትዬ የትነበርሽ ደውለህ ‹በሩን ክፈቱለት› ማለት ትችል ነበር።»

«ብደውል… ጠላት እየመጣበት ነበር። ግንቡ ሊቃጠል ነበር።»

ሙሚና ተነሣች። «ለግንቡ ጋሻ አነሣህለት» አለችው፤ ድምፅዋ ያው ለስላሳው ነው። «ለሰውየው ግን ስልክ አላነሣህለትም።»

ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ አስናቀው በባምላክ ፊት ጥቂት ቆም ብሎ አለፈ። ሒክማም እያለቀሰች ወደ ቤቷ ተሻገረች።

የትነበርሽ ከኩሽና ቢላ አምጥታ ወደ ክፍሉ ሄደች። የመወርወሪያው ብሎን ዝጎ አልፈታ አላት። ባምላክ ቢላውን ከእጇ ተቀብሎ ይታገለው ጀመር። ዝናቡ ትከሻቸውን ይመታል። ብረቱ ተነቅሎ ሲወድቅ አንሥታ አጥሩ ሥር ወረወረችው። ክንዱ ነቅቶ ቢሆንስ? ተጣርቶ ቢሆን፣ ዝናቡ ጋርዶብኝ ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ የሚመልስላት ኢንስፔክተር እንደሌለ ዐወቀች።

ሰዓት እላፊው ስለደረሰ የግቢውን በር ሊቆልፉ አብረው ሄዱ። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ለልጇ ዘረጋችለት።

«ምነው እማዬ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ይዘሽው የምታድሪው?»

«ከዛሬ ወዲያ አንተ ጋ ይደር። ስትወጣ ስትገባ እኔን አትጠይቅ።» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰበሰበች። «ብቻ ድምፅህን አሰማኝ።»

ባምላክ ቁልፉን ተቀብሎ ከውስጥ አዞረው። በሩ ተቆለፈ።