ያልተደገመው ጉርሻ

አያ ምትኩ ሆስፒታል ሳይደርስ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ በእህቱ ክንድ ላይ አረፈ። ጉሮሮው አብጦ ትንፋሽ አሳጥቶት ነበር። ሐኪሙ በጥርሶቹ መካከል የተወቀጠ ሰሊጥ አገኘ።

ሰሊጥ እንደማይስማማው ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያውቃል። እህቱ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ለልጇ ለኤልሳ የቀለበት እራት ስታሰናዳ፣ «ወንድሜ ይመጣል፤ አንዲት ፍሬ ሰሊጥ ደጄን እንዳትረግጥ» ብላ የኤልሳን እጮኛ ቻላቸውን ሳይቀር አስጠንቅቃ ነበር። ያም ሆኖ ፖሊስ ወጥ ሠሪዋን አስናቀችን ወስዶ አሳደራት።

ሰብለ ያን ድግስ ያለ ጭንቀት ልትወጣው ቆርጣ ነበር። ወጡ በዋዜማው ተሠርቶ አደረ። እንግዳው ከተደረደረው ድስት ለራሱ እያነሳ፣ እሷም እንደ ሰው ቁጭ ብላ ልትበላ አስባ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን መቆምም መቀመጥም አቃታት። የቆሸሹትን ሳህኖች ልታነሳ እጇን ትዘረጋለች፤ መልሳ ትሰበስባለች።

«እትዬ ሰብለ፣ ይተዉት» አለች ኢንስፔክተር ጸሎት። ድምጿ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን የማያርፍ ሴት ናት።

«ኧረ እንዴት ልተወው? ዝንብ ወረረው እኮ! የአስናቀች ልጆች ደጅ ላይ ተኮልኩለው እናታቸውን ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?»

«እናታቸውን የሚያስፈታት ይኸው ጠረጴዛ ነው። ወንድምዎ ማታ ምን አሉዎት?»

ሰብለ የነጠላዋን ጫፍ ጠመዘዘች። «ከትክል ድንጋይ ከተማ እንደመጣ በር ላይ ያዘኝ። ‹ስለ ሙሽራው የምነግርሽ አለኝ› አለኝ። እኔ ከንቱ፣ ‹ዛሬ አታስጨንቀኝ፣ ከእራት በኋላ› አልኩት።»

«ማን ሰማ?»

«ቻላቸው ካፖርቱን እየተቀበለው ነበር። የሌላው ወንድሜ ልጅ ይታየውም ነበረ።»

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ወደ ሳሎን ጠራች። ይታየው በመሬት ክርክር ከአጎቱ ጋር ተኳርፎ ኖሮ የታረቀው ማታ ነው። ገና ሳይጠየቅ ቱግ አለ።

«አዎ፣ አጉርሼዋለሁ! ሦስቴ! ሳህኔ ያው፣ እይው!»

«አይቼዋለሁ። ሌላስ ማን አጎረሳቸው?»

«ቻላቸው» አለች ኤልሳ ቀስ ብላ።

«አጎቷን ማክበር ነውር ሆነ እንዴ?» አለ ቻላቸው። ለቀለበቱ የለበሰውን ጥቁር ሱፍ ለለቅሶውም ለብሶታል።

«አንዲት ጉርሻ ደግሞ ምን ክብር አላት!» አለ ይታየው። «አያ ምትኩ እንኳ ‹ምነው ልጄ፣ ከወዲሁ ልታጣላን ነው?› ብሎት አልሳቅንም? ድገም እያልነው ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ።»

ሰብለ ትዝ አላት። እሷም ስቃ ነበር።

ኢንስፔክተር ጸሎት ጠረጴዛውን እየዞረች ተናገረች። «ድስቶቹን በማጉያ መነጽር አየሁ፤ ሰሊጥ የለም። የሟቹ ሳህን ላይም የለም፤ የይታየውም ላይ የለም። ስለዚህ ሰሊጡ ከጠረጴዛው አልተነሳም። አቶ ቻላቸው፣ ያንተ ሳህን የቱ ነው?»

ኤልሳ በጣቷ አሳየች። ሳህኑ ወጥ ሳይነካው፣ የታጠፈ ሶፍት እንደተቀመጠበት አድሯል። ሰብለ ሳህኖቹን አንስታ ቢሆን ኖሮ ከሌሎቹ ጋር ታጥቦ ነበር።

«አልራበኝም ነበር» አለ ቻላቸው።

«ታዲያ ጉርሻውን ከየት ጠቀለልከው?»

«ከኤልሳ ሳህን።»

«የኔ ሳህን ከእጄ አልወጣም» አለች ኤልሳ።

«ከሳህን የሚያጎርስ ሰው ይደግማል» አለች ኢንስፔክተሯ። «አለመድገም ነውር መሆኑን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። አንተ ሁሉ ሰው ድገም እያለህ ያልደገምከው ሁለተኛ ስላልነበረህ ነው። በር ላይ የተባለውን ሰምተህ ወጥተህ፣ ከውጭ ጠቅልለህ ይዘህ የመጣኸው አንዱን ብቻ ነው። የኮትህን ኪስ ገልብጥልኝ።»

አልገለበጠም። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ገለበጠው። ገበሩ ላይ የዘይት ወዝ ነበር፤ ስፌቱ ውስጥ የተወቀጠ ሰሊጥ ተጣብቋል።

«ዛሬ ጠዋት ትክል ድንጋይ ደውዬ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሚስትህ ልጅህን አዝላ ለፖሊስ ቃሏን ሰጥታለች። አያ ምትኩ ሊናገሩት የነበረው ይህንን ነው።»

ኤልሳ ቀለበቱን አውልቃ ባዶው ሳህን ላይ አስቀመጠችው። ቻላቸውን ሲያወጡት ቀና ብላ አላየችውም።

«እትዬ፣ አሁን ማንሳት ይችላሉ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሰብለ ግን ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለች፤ ወንድሟ ተቀምጦበት በነበረው ወንበር ላይ።

«አስናቀችን አምጡልኝ» አለች። «አብረን እናነሳዋለን።»