ከበሩ ወዲያና ወዲህ

«ጎንበስ በሉ! ይቺ በር ያጠረችው ሆን ተብሎ ነው፤ ማንም ቀና ብሎ እንዳይገባ» አለች አስጎብኚዋ።

ጉንጬ ጎንበስ ብላ ገባች። እናቷ ከኋላዋ ገባችና የክፍሉን ግድግዳ ገና ስታይ መሀረቧን አወጣች። ከጠዋት ጀምሮ እንባዋ አልደረቀም። የሐዘን ግን አልነበረም፤ የኩራት ነበር።

ጉንጬ የሚለውን ስም ያወጡላት አያቷ ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ ጉንጮቿም ከሟሸሹ ቆይተው፣ ስሙ ግን አልለቃትም። አያቷ በወጣትነታቸው ሁለት ዓመት በዚህ ደሴት እስር ቤት ማሳለፋቸውን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ዛሬ እስር ቤቱ ሙዚየም ሆኗል፤ ከታች ባሕሩ ዳር ሆቴል ተሠርቶ ሰው ሊዋኝና ፀሐይ ሊሞቅ ይመጣል። እናቷ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ሦስቱም እንዲመጡ ያደረገችው «አባባ ያን በር በነጻነት ገብተው በነጻነት ሲወጡ ልይ» ብላ ነው።

አያቷ ግን ጀልባው ላይ ጀርባቸውን ለደሴቱ ሰጥተው ተቀመጡ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ «ጉልበቴን ይዞኛል፤ እናንተ ሂዱ» ብለው ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቀሩ።

«ሁሉም ነገር ትዝ ብሏቸው ነው፤ አታስጨንቂያቸው» ብላት ነበር እናቷ።

አስጎብኚዋ ወጣት ናት፤ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፣ ወደ ኋላ እየሄደች ታወራለች፣ አንዴም አትደናቀፍም። «እዚህ ሃያ ሁለት ሰው ይተኛ ነበር። አንዱ መገላበጥ ከፈለገ ሁሉም አብሮት ይገላበጣል» አለች። በስልኩ ሲቀርጽ የነበረ አንድ ጎብኚ ሳቀ፤ ወዲያው ግን አፈረ። «መስኮቱ ፊት ለፊት ዓለት ነው። እስረኞቹ ባሕሩን ይሰሙታል እንጂ አያዩትም። ወደቡንማ ጭራሽ!»

«ከየትኛውም ክፍል አይታይም?» አለች ጉንጬ።

«ከየትኛውም። ካላመንሽኝ ዞረሽ ማየት ነው፣ እህቴ።»

ጉንጬ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ አንገቷን አሰገገች፤ ዓለት ብቻ ነው። አያቷ እያለቀሱ ደጋግመው የሚያወሩላት ስለ ወደቡ ነበር፤ በዝናብ ተሰልፈው ስለሚጠብቁ ሴቶች፣ ስለ ባለ ቀይ ጃንጥላዋ፣ ጫማዬ እንዳይበላሽ ብላ አውልቃ በብብቷ ስለያዘችው እናት። ያንን ታሪክ ድርሰት አድርጋ ክፍል ውስጥ አንብባው የአማርኛ መምህሯ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጠርገዋል። ታዲያ ከየት ሆነው አዩት? «ለሥራ ሲያወጧቸው ይሆናላ» አለች ለራሷ።

ከክፍሉ ወጥተው ዋናው በር ጋ ደረሱ። በሩ ላይ፣ የሰው ፊት በሚደርስበት ቁመት፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረች።

«ይህችን ከውስጥ የሚከፍታት አንድ ዘበኛ ነበር» አለች አስጎብኚዋ። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዘቀዘ። «ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ቤተሰብ ልብስና ምግብ ይዞ በጀልባ ይመጣል። እሱ መስኮቷን ከፈት ያደርግና አንዲት ቃል ብቻ ይናገራል፤ ‹ተመለሱ!› ከዚያ ጥርቅም። ሰዉም ስሙን ‹ተመለሱ› አለው። የገዛ አያቴ ልጇን ልትጠይቅ አሥራ ሁለት ጊዜ መጥታ አሥራ ሁለት ጊዜ መልሷታል። በመጨረሻው ቀን አጎቴ ከሞተ አራት ወር ሆኖት ነበር። እሱን እንኳን የነገራት የለም። ‹ተመለሱ› ነው የተባለችው።»

ቀጥላ ወደ ዘበኞቹ ክፍል መራቻቸው። ፎቶግራፋቸው እዚያ ነው ስትል የጉንጬ እናት ቆም አለች። «የዚያን ሰው ፊትማ አላይም! አባባን ያሰቃየ አረመኔ!» ብላ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ጉንጬ ገባች። ግድግዳው ላይ ዘጠኝ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ዳር ላይ ያለው ቁልፍ ይዟል፤ ለግላጋ ወጣት ነው። የግራ ጆሮው ጫፍ ተቆርጧል።

ያንን ጆሮ ታውቀዋለች። አያቷን በልጅነታቸው ውሻ ነክሷቸው የቀረ ነው። ሕፃን ሳለች እንቅልፍ የሚወስዳት እሱን በጣቶቿ ይዛ ነበር።

«‹ተመለሱ› ይህ ነው» አለች አስጎብኚዋ፣ ጣቷን ዳር ላይ አሳርፋ። «እስር ቤቱ ሲዘጋ ልብሱን ቀይሮ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«ሙቀቱ ነው» አለች ጉንጬ።

ሲወጡ እናቷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ የአስጎብኚዋን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «የኔ ልጅ፣ አባቴ እዚህ ታስረው ነበር! አሁን ሆቴል ናቸው። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነይና አስተዋውቅሻለሁ።»

«እውነትዎን ነው?» አስጎብኚዋ ደረቷን ያዘች። «ምናልባት አጎቴን ያውቁት ይሆናል! እናቴ አንድ ቃል እንኳ ብትሰማ... እመጣለሁ። እንዴት አልመጣም!»

እናቷ የአስጎብኚዋን ቁጥር እንድትይዝ ነገረቻት፤ ጉንጬም ስልኳ ላይ መዘገበችው።

ሆቴል እንደደረሱ እናቷ ገላዋን ልትታጠብ ወደ ላይ ወጣች። አያቷ በረንዳው ላይ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል።

«እንዴት ነበር፣ ጉንጬ?»

አልተቀመጠችም። «አባባ፣ ከክፍሎቹ እኮ ወደቡ አይታይም።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ባለ ቀይ ጃንጥላዋን ከየት ሆነው አዩዋት?»

መዋኛው ውስጥ ሕፃናት ይንጫጫሉ። መንገዱን ሁሉ ስትመጣ መልስ ስታዘጋጅላቸው ነበር፤ መንትያ ወንድም ነበረኝ ይበሉ፣ ተሳስተሻል ይበሉ፣ ይቆጡኝ ብላ።

«ከበሩ» አሉ አያቷ። «እናትሽ ፎቶውን አየችው?»

«አላየችም። የዚያን ሰው ፊት አላይም ብላ ደጅ ቀረች።»

አያቷ በመዳፋቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። «የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከመወለዴ በፊት የት ነበርክ አለችኝ። እስር ቤት አልኳት። ሮጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና ‹አይዞህ አባዬ፣ ሁለተኛ አያስሩህም› አለችኝ። ላርማት ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን እንደዚያ ጥብቅ አድርጎ ያቀፈኝ ሰው አልነበረም።» ብርጭቆውን ወደ ራሳቸው ሳቡና «ሃያ ዓመቴ ነበር። ትእዛዝ ነው» አሉ።

«የአስጎብኚዋ አያት አሥራ ሁለት ጊዜ መጥታ ነበር፣ አባባ። ልጇ ሞቶ ነበር።»

«አውቃለሁ። ጫማዋን በብብቷ የያዘችው እሷ ናት።»

ጉንጬ ያኔ አለቀሰች። ያን ታሪክ ሲነግሯት ያለቀሱት የእውነታቸውን ነበር፤ የባሰባትም እሱ ነው። ክፉ ሰው ሆነው ቢገኙላት በቀለላት። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ግን ያው አባባ ናቸው፤ ሻያቸው ላይ አራት ማንኪያ ስኳር የሚያደርጉት፣ ፈተና ሲኖራት አብረዋት የሚያመሹት።

«ልጅቷ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ትመጣለች» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «እናቴ ጋብዛታለች። ስለ አጎቷ ልትጠይቅዎት ነው።»

አያቷ ፊታቸው አመድ መሰለ። «አሞታል በያት። ጉንጬዬ፣ እባክሽ። ሌላውን ቤታችን ስንገባ...»

«አልልም። እናቴን እጠራታለሁ፤ እርስዎ ይንገሯት።»

እናቷ ፀጉሯን እያበጠረች ታንጎራጉር ነበር። አልጋው ላይ ሁለት ቀሚስ ዘርግታለች። «የቱ ይሻለኛል? ለእንግዳዋ ደስ የሚል ልልበስ።»

«አባባ ይፈልጉሻል» አለች ጉንጬ። «ብቻሽን።»

እናቷ ሰማያዊውን ለበሰችና «መጣሁ፣ አባባ!» እያለች ደረጃውን ወረደች። ጉንጬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀበረች። አሁንም ልትጠራት ትችላለች። አንድ ቀን፣ አንድ ምሽት ደስ ብሏት ትቆይ ልትል ትችላለች። ከታች የአያቷ ድምፅ ዝግ ብሎ ይሰማል። ከዚያ እሱም ጠፋ።

ስትወርድ እናቷ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ባሕሩን ትመለከታለች። አያቷ አጎንብሰዋል። ማንም ማንንም አያይም።

«ያቺን ልጅ ደውለሽ እንዳትመጣ በያት» አለች እናቷ፣ ዞር ሳትል። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «አባባ አሟቸዋል በያት።»

ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ጉንጬ ስልኳን አወጣች፤ ቁጥሩም እዚያው ነበር። ጥቂት አየችውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው። ከጎን ካለው ጠረጴዛ አራተኛ ወንበር እየጎተተች አመጣችና በአያቷ ትይዩ አቆመችው። ከዚያ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።