ትንፋሻቸው ሲቆም

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ወረታ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሙት መጣብኝ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚለኝን ሁሉ «ሂድና ተኛ» ብዬ ነው የምሸኘው። አሁን ግን እመኑኝ፣ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

አባቴ የፎገራ ገበሬ ናቸው። ሩዝ ሲወቃ የሚነሣው አቧራ ነው መሰለኝ አፍንጫቸውን የደፈነው፣ ሲተኙ ያንኮራፋሉ፣ ከዚያ ድንገት ትንፋሻቸው ጸጥ ይላል፣ የሚያስፈራው እሱ ነው። እናቴ ይህን እንደ ሥራዋ ይዛው ኖረች፣ ተኝታም ቢሆን ትሰማዋለች፣ ትከሻቸውን ገፋ አድርጋ «አንቱ፣ ዞር ይበሉ» ትላለች፣ እሳቸውም አየር በኃይል ስበው በጎናቸው ይሆናሉ።

እናቴ አምና ሞተች። አባቴን ብቻቸውን መተው ፈርቼ ከነአልጋቸው ወደ እኔ ቤት አመጣኋቸው፣ ባሕር ዳርም ሐኪም አሳየኋቸው። ሐኪሙ እንቅልፍ ላይ ጉሮሯቸው እየተዘጋ ነው፣ የአፍንጫቸው መደፈን ደግሞ ያባብሰዋል፣ የአፍንጫው መድኃኒት ብቻውን ባያድናቸውም ብዙ ያቀልላቸዋል፣ ቸል ካሉት ግን ልባቸውን ይጎዳል አለኝ። የሚረጨውን መድኃኒትና በጨው ውኃ ማጠቢያውን ይዘን ተመለስን፣ እውነትም ለጥ ብለው መተኛት ጀመሩ፣ እኔም እፎይ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋቱ ተመለሰ። መድኃኒቱን ሳየው ከተዉት ሰንብተዋል፣ እኔ ደግሞ ስናደድ ራሴን መግታት አልችልም፣ ለምን ብዬ ያዝኳቸው። መሬት መሬት እያዩ፣

«አፍንጫዬ ሲከፈትማ አትመጣም» አሉኝ።

«ማን?»

«እናትሽ። ትንፋሼ ሲቆም ነው መጥታ የምትቀሰቅሰኝ። ደኅና ስሆን ምን ልትሠራ ትመጣለች?»

ሐዘኑ ነው ብዬ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የዚያን ሌሊት ራሴ ልቀሰቅሳቸው አልጋቸውን ከሚጋርደው መጋረጃ ወዲህ ነቅቼ ተቀመጥኩ። ማንኮራፋታቸው ከፍ አለ፣ ከዚያ ጸጥ። ልነሣ ስል አልጋው ሲጢጥ አለ፣ ሰው በክርኑ ቀና ሲል እንደሚለው ዓይነት፣ ብርድ ልብሱ ተንኮሻኮሸ፣ ቀጥሎ እንቅልፍ የተጫነው፣ ትንሽም የተሰላቸ የሴት ድምፅ «አንቱ፣ ዞር ይበሉ» አለ።

አባቴ አየር ሳቡና ዞሩ። መብራት አበራሁ። ብቻቸውን ናቸው፣ ግን በግድግዳው በኩል፣ እናቴ ትተኛበት በነበረው በኩል፣ ለሰው የሚበቃ ቦታ ትተው ጠርዙ ላይ ተኝተዋል። እውነቴን ነው፣ መብራቱን ሳላጠፋ አነጋሁ።

ጠዋት ፊታቸው በርቶ «ማታ መጥታ ነበር» አሉኝ። የሐኪሙ ነገር ትዝ አለኝ፣ አንድ ቀን ባትመጣስ?

«እኔ ነኝ የቀሰቀስኩዎት» አልኳቸው፣ «እስከ ዛሬም እኔ ነበርኩ።»

ፊታቸው ጨለመ። እጃቸውን ለመድኃኒቱ ዘረጉ።

አሁን በየማታው ይወስዱታል፣ ትንፋሻቸውም ሰላም ነው፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እሳቸው ለጥ ብለው ተኝተው ሳለ በግድግዳው በኩል አልጋው ቀስ ብሎ ሲጢጥ ይላል፣ ጆሮዬን አቆማለሁ፣ የሚናገር የለም፣ ሥራ ያጣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያያቸው ይመስለኛል። «እማዬ» ልላት አፌን እከፍትና እተወዋለሁ፣ አባቴ ይሰሙኛል።